የዋጥኳት አንዲት ቃል

መጀመሪያ ሥራ የገባሁ ቀን ኃላፊያችን ጁዲ ባጅ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝና ሦስት ነገር ነገረችኝ፦ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ «እሱ አለ» አትበይ። በሽተኛው «አመመኝ» ካለ እኔም «አመመኝ» ማለት ነበረብኝ። የመጀመሪያው በሽተኛዬ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። በእንግሊዝኛ «ሽንቴ አልወርድ ብሎኛል፤ ፕሮስቴቴ ነው መሰለኝ» ስል ወጣቱ ሐኪም ቀና ብሎ አየኝ። ሽማግሌው ፈገግ አሉ። በዚህ ሁኔታ አሜሪካ ውስጥ የሆስፒታል አስተርጓሚ ሆንኩ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሠራሁ። መሣሪያዬ ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ቦታዬ ከበሽተኛው ራስጌ ትንሽ ወደ ኋላ። ፕሊማውዝ ከተማ መጋዘን ሲሠሩ ወገባቸው የተቆረጠ፣ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ ስኳራቸው ከፍ ያለባቸው፣ የሚያምጡ፣ የሚሞቱ፤ የሁሉም «እኔ» በእኔ አፍ ወጥቷል። ዌስት ሴንት ፖል ካለው ቤቴ ስገባ የሰው ሕመም ይዤ የምገባበት ቀን ብዙ ነበር።

ሚኒሶታ ውስጥ ወንድና ወንድ፣ ሴትና ሴት እንዲጋቡ ሕጉ ሲፈቅድ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ከቅዳሴ በኋላ ቆመው ከሚያጉረመርሙት አንዷ እኔ ነበርኩ። አልደብቅም፤ ትዳር ለእኔ ተክሊል ነው፣ ተክሊልም ለወንድና ለሴት ነው። ብዙም ሳይቆይ ጁዲ የሆስፒታሉን የበሽተኛ መግቢያ ቅጽ ይዛ መጣች። «ባል» እና «ሚስት» የሚሉት ወጥተው ለሁሉም የሚሆን አንድ ቃል ይግባበት አለች። «የትዳር ጓደኛ» ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ ቃል ነው፣ ወንድ ሴት አይልም። ወረቀት ዓይን ስለሌለው መጻፉ አልከበደኝም።

ዳንኤልን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ ነው። አርባ ያልሞላው ነርስ ነበር፤ ካንሰሩ ጉበቱን ጨርሶታል። ኤሪክ ከሚባል ረጅም ፈረንጅ ጋር በሕግ ከተጋቡ አራት ዓመታቸው ነው። እናቱ እማማ የሺ በዚያው ሳምንት ከአዲስ አበባ ገብተዋል። ኤሪክን ቤት ኪራይ የሚጋራ ደባል አድርገው ነበር የሚያስቡት። ሻንጣቸውን ተሸክሞ ከኤርፖርት ስላመጣቸው ሲመርቁት ይውላሉ።

ከሐኪሙ ጋር ከመቀመጣችን በፊት ዳንኤል ለብቻዬ አስጠራኝ። አማርኛው ከእኔ አያንስም፤ እናቱንም ራሱ ማስረዳት ይችላል። አስተርጓሚ ለምን እንደፈለገ አልገባኝም ነበር።

«እትዬ ሙሉ፣ ስለ ኤሪክ ለእማዬ ልነግራት ስንት ጊዜ ትራይ አድርጌ አልወጣ አለኝ» አለኝ። «ለዶክተሩ በእንግሊዝኛ እናገረዋለሁ። አንቺ ለእማዬ በይልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እሺ አልኩት። ስንቀመጥ ሐኪሙ፣ ዳንኤል መናገር ቢያቅተው ማን እንዲወስንለት እንደሚፈልግ ጠየቀ። ዳንኤል እናቱን አየ፤ ከዚያ ጣሪያውን እያየ በእንግሊዝኛ «ኤሪክ ይወስንልኝ፤ የትዳር ጓደኛዬ ነው» አለ።

እማማ የሺ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጆሯቸውን ወደ እኔ ሰጥተው ይጠብቃሉ። ልጃቸውን ሊያጡ ነው፤ በዚያ ላይ ይህን ልጨምርባቸው ወይ ብዬ አሰብኩ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይህ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን አፌም ተጸይፎ ነበር። «ጓደኛዬ ነው» አልኩ። «የትዳር» የምትለዋን ዋጥኳት። እሷ ስትጎድል ሌላውም እንዲገጥም መለወጥ ነበረበትና «ይወስንልኝ» የሚለውን «ያግዘኝ» አደረግሁት። ሰው ሆድ ይፍጀው የሚለው በራሱ ነገር ነው፤ እኔ በሰው ነገር አደረግሁት።

እማማ የሺ ጓደኛ ወንድም ማለት ነው ብለው ኤሪክን መረቁት። ዳንኤል ሁሉንም ሰምቷል። አየኝና ዓይኑን ጨፈነ። ሊያርመኝ ይችል ነበር ትሉ ይሆናል። ያን ቃል ራሱ ማውጣት ቢችልማ መጀመሪያም እኔን ባላስጠራ።

ከዚያ ወዲያ እማማ የሺ ከራስጌው ወንበር አልተነሡም። ኤሪክን በእኔ በኩል «ደክሞሃል፣ ሥራህን አትፍታ፣ እናት አለችለት፣ ሂድና እረፍ» ይሉታል። አዝነውለት ነው። ያንን ቃል በቃል ተረጎምኩ። ኤሪክም የእናት ቃል ነው ብሎ ካፖርቱን አንሥቶ ይወጣና ኮሪደር ላይ ይቆማል። ዳንኤል በሩን በሩን ያያል። ሁሉንም እያየሁ ዝም አልኩ፤ ባፈርኩ ቁጥር መናገሩ እየባሰ ከበደኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዳንኤል ራሱን ሳተ። ሐኪሙ የመተንፈሻ ማሽን ይግባ አይግባ ብሎ ኤሪክን ጠየቀ። ኤሪክ እያለቀሰ፣ ዳንኤል አልፈልግም ብሎ እንደነበር ተናገረ። ይህን ስተረጉም እማማ የሺ ብድግ አሉ። በልጄ ነፍስ ላይ ደባል የሚወስነው በየት አገር ሕግ ነው ብለው ጠየቁኝ።

ያን ጊዜ ተናገርኩ። ዳንኤል ያለውን እንዳለ ነገርኳቸው። ጓደኛ ያልኩት እኔ እንደሆንኩም ነገርኳቸው።

ይጮኻሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ተመልሰው ተቀመጡና የልጃቸውን እጅ አዩ።

«ሦስት ቀን ነበረኝ» አሉ። «በአንዱ እቆጣው ነበር። በአንዱ አለቅስ ነበር። በሦስተኛው እታረቀው ነበር። አሁን ከማን ጋር ልታረቅ?»

ማሽኑ አልገባም። ዳንኤል ከሰዓት በኋላ ዐረፈ። እሳቸው በአንድ በኩል፣ ኤሪክ በሌላው በኩል ነበሩ፤ እርስ በርስ አልተያዩም።

ለጁዲ ራሴ ሄጄ ነገርኳት፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈብኝ። የንስሐ አባቴ ዘንድም ሄድኩ። ምናልባት ደግ አደረግሽ ይሉኛል የሚል ተስፋ ነበረኝ። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለውን ጋብቻ እንደማትባርክ ስለማውቅ እሱን ሊያስተምሩኝ እንደማይፈልጉ ነገሩኝ። «የመጣሽበት ኃጢአት ግን የእነሱ አይደለም» አሉኝ። «በሰው ቃል ዋሽተሻል።» ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ፤ አልቀለለኝም።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። በእነዚያ ዓመታት «ባለቤቴ» ያለውን ሁሉ «ባለቤቴ» ብዬ ተረጎምኩ። ስለ ትዳር ያለኝ እምነት አልተለወጠም፤ ወይም ተለውጦ ይሆናል፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

ወደ ሥራው ለሚገቡት የምለው ይህን ነው። ሰው የሚነገረውን ይችለዋል አይችለውም ብሎ መወሰን የአስተርጓሚ ሥራ አይደለም። እኔ ወሰንኩ። እማማ የሺ ግን ይችሉት ነበር።