ቀድሞኝ የተቀበረው ጣቴ

ጭሮ ውስጥ ትምህርት ቤት ሳይገባ ጋዜጣ የሚያነብ ሽማግሌ ቢፈለግ የምገኘው እኔ ነኝ። ትናንት ፋርማሲ በር ላይ የአዮዲን ሽታ ሲመታኝ ግን የዱሮ ቁስሌ ትዝ ብሎኝ ወደ ግራ እግሬ አጎነበስኩ።

ጎረምሳ ሳለሁ ጫት ተሸክሞ እንደኔ የሚሮጥ ገለምሶ ውስጥ አልነበረም። አንድ ቀን ስንጭን የመኪናው የኋላ በር ወድቆ የግራ እግሬን አውራ ጣት ግማሹን ቆረጠው። አጎቴ ቁራጩን አጥበው፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ቀበሩት።

ቁስሌ በአዮዲን ሲታጠብ እየጮህኩ፣ "አጎቴ፣ ተመልሼ እሮጣለሁ?" አልኳቸው።

"አንተ ጉረኛ! ጣትህ ቀድሞህ መቃብር ገብቷል፤ ከዚህ በላይ ወዴት ትቸኩላለህ?" አሉኝ።

ሊያስቁኝ ብለው ነበር። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

በዚያ ክረምት የቻልኩት ይህን ነው፦ ቁስሌን በገዛ እጄ ማጠብ፣ ያለ ምርኩዝ እስከ በር መድረስ፣ የጫት መኪና ጡሩምባ ስሰማ ከአልጋዬ አለመነሳት።