የውዱእ ውሃ የጠጣችው ጽጌረዳ

ትናንት ጠዋት ግቢዬ ውስጥ የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ስቆርጥ ጣቴ ላይ የቀረው የእርጥብ እንጨት ሽታ ሥራ አስፈታኝ። መቀሱን ይዤ ቆምኩ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ ከሰቆጣ በላይ ያሉት ተራሮች አረንጓዴ ናቸው። ትንሽ ቆይተው የአህያ ጀርባ ይመስላሉ፤ ቧንቧውም ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይቀራል። በዚያ ወቅት እዚህ ከተማ ውስጥ ጽጌረዳ አስፈነዳለሁ ብሎ ሰው ፊት መናገር ድፍረት ይጠይቃል። እኔ ደግሞ በወጣትነቴ ከድፍረት በቀር ብዙ ሀብት አልነበረኝም።

ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ትምህርቱ አሥረኛ ክፍል ላይ ቆሞብኛል፣ ሥራ አላገኘሁም፣ ቤት መቀመጥም አልችልም። ግጥም ግን እገጥም ነበር። ያስተማረኝ የለም፤ ራሴ ገጥሜ ለሚሰማኝም ለማይሰማኝም አነባለሁ። ጽጌረዳ ያልገባችበት ግጥም አልነበረኝም። አንድ ቀን ታላቅ እህቴ ሐዳስ ሽንብራ እየለቀመች ስታዳምጠኝ ቆየችና ቀና ብላ «የቱ ጽጌረዳ ነው ግን?» አለችኝ። አበባ መትከል የጀመርኩት በዚያ ጥያቄ እልህ ነው።

ሦስት ዓይነት ሰበሰብኩ። የመጀመሪያዋ እናቴ ድሮ የተከለቻት ሐምራዊቷ ናት። ንጋት ላይ ትከፈታለች፤ ሽታዋ በር አልፎ መንገደኛ ያስቆማል። ቀን ላይ ግን አንገቷን ትደፋለች፣ በማግሥቱ ቅጠሏ መሬት ላይ ነው። ሁለተኛዋ ቢጫ ነበረች፤ ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ለምኜ ያመጣኋት። ቅጠሏ ላይ አመድ የመሰለ ነገር ይነሰነስባታል፣ ክሽክሽ የሚሉት ተባይም አይለቃትም፤ ፀሐይ ሲመታት ቢጫነቷን ትታ ነጭ ትሆናለች። ሦስተኛዋ ቀይ ናት። መሃል አገር የአበባ እርሻ ላይ የምትሠራው የአጎታችን ልጅ ትርፌ፣ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ቁርጥራጩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፋ ያመጣችልኝ። ከላዩ የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ተከልኳት። አንገቷ ረጅምና ቀጥ ያለ፣ አበባዋ ተቆርጦ እንኳ ከሳምንት በላይ የማይጠወልግ ነው። አፍንጫዬን ብቀብርባት ግን ያገኘሁት የታጠበ ቆስጣ ሽታ ነው። ጠዋት ጠዋት ከአንዷ ወደ አንዷ እየዞርኩ አሸታለሁ፣ ቅጠል እዳስሳለሁ፣ አንዷን አነግሣለሁ፣ በማግሥቱ እሽራታለሁ። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ሦስት ሚስት አግብቷል» ትል ነበር።

በዚያው ዓመት ሐዳስ ታጨች። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ፣ ጥር ውስጥ ተቆረጠ።

እዚህ ላይ ስለ ሞላ ፎቶ ቤት መናገር አለብኝ። ሞላ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ምላሱ ከካሜራው ይፈጥናል። ለሙሽሮች የሚያከራያት አንዲት የፕላስቲክ እቅፍ አበባ ነበረችው። የከተማችን ሙሽራ ሁሉ ፎቶ የተነሳው እሷን አቅፎ ነው። ቤት ለቤት ስትዞሩ ሙሽሮቹ ይለያያሉ፣ አበባዋ አንድ ናት፤ ዓመት በዓመት ትንሽ ትገረጣለች እንጂ። ሐዳስ ከእኔ ጋር ቀን ለማስያዝ የሄደች ዕለት ሞላ አቧራዋን እፍ ብሎ ሲያቀርብላት፣ ሰው በተሰበሰበበት «ሁሉም ያቀፈውን አላቅፍም፤ ወንድሜ እውነተኛውን ያበቅልልኛል» አለች። ሞላ ወደ እኔ ዞረ።

«ባለቅኔው፣ እህትህ ግጥም ይዛ ልትነሳ ነው እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ወዲያው፣ በእህቴ ሠርግ ቀን የምትዳር ሌላ ሙሽራ ፕላስቲኳን አስያዘች። እንግዲህ መመለሻ አልነበረንም። ወይ ጽጌረዳ ይፈነዳል፣ ወይ እህቴ በሠርጓ ቀን ባዶ እጇን ሞላ ፊት ትቆማለች።

ኅዳር ሲያልቅ ውሃው ጠፋ። በሳምንት አንዴ ቧንቧ ሲመጣ አንድ አንድ ባልዲ እቸልስላቸዋለሁ፤ በመሃል የሳሙና እጣቢ እደፋላቸዋለሁ። አፈሩ እንደ ጡብ ደረቀ። ሐምራዊቷ ቅጠሏን ጣለች። ቢጫዋ ጭራሽ ደረቀች። ቀይዋ እንቡጥ ይዛ ነበር፤ እንቡጦቿ ሳይከፈቱ ቡናማ ሆነው እጄ ላይ ተፈረፈሩ። ሐዳስ መጥታ አየችና የረገፈውን ጠራርጋ ተመለሰች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ሰሞን ከድንጋይ አጥራችን ማዶ፣ በነጋዴው በሐጂ ይማም ግቢ፣ ጽጌረዳ እንደ ጉድ ተንዠርግጓል። የእሳቸው ዘር ይበልጣል ብዬ ባለቤታቸውን እትዬ ዘሀራን ቁራጭ ልለምን ሄድኩ። ሳቁብኝ። ለካ የእናቴ ሐምራዊት ከእሳቸው ግቢ ተቆርጣ የመጣች ናት። አንድ እናት የወለደቻቸው ሁለት አበቦች፣ በመካከላቸው አንድ አጥር፣ አንዷ ሙሽራ አንዷ በሽተኛ።

ፍግ ይደብቁኛል ብዬ ጠረጠርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አጥሩ ላይ እየተንጠለጠልኩ ግቢያቸውን እሰልል ጀመር። ያየሁት ፍግ አይደለም። ከጽጌረዳዋ ሥር አንድ ዝርግ ድንጋይ አለ። ሐጂ ኩስኩስቷን ይዘው እዚያ ላይ ይቀመጡና ውዱእ ያደርጋሉ፤ እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ እግራቸውን በቀስታ ይታጠባሉ። እሳቸው ሲነሱ ልጆቻቸው ይቀጥላሉ። በእያንዳንዱ ሶላት ይህ ይደገማል። ሳሙና የለበት፣ ጎርፍ የለበት፤ ትንሽ ትንሽ፣ ግን የማይቋረጥ። እኔ ስንት ወር አበባ ከአበባ ሳወዳድር፣ ማወዳደር የነበረብኝ ግቢን ከግቢ ኖሯል።

ጀሪካኗን ተሸክሜ በበራቸው ገባሁ። ሐጂ ገና እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ነበር።

«ሐጂ፣ ይቺን እርስዎ ድንጋይ አጠገብ ላስቀምጣት?»

ደረቋን ቀይ ከላይ እስከ ታች አዩአት። «ምነው፣ እሷም ልትሰግድ ነው?»

«መታጠቡን ብቻ ነው የፈለገችው፤ ስግደቱን ለእርስዎ ትታለች።»

ኩስኩስቷ እጃቸው ላይ እስክትንቀጠቀጥ ሳቁ። የሠርጉን ነገር ስነግራቸው ግን ሳቁን ተዉት። የሞላን ጨዋታ ሰምተው ኖሯል። ጀሪካኗን ራሳቸው ወደ ድንጋዩ ጠጋ አደረጓትና እዚያው ሕግ አወጡ፦ «እግሬ ለባለቤቷ፣ ፊቴ ለእንግዳዋ።» ከዚያ ወዲያ ፊታቸውን ቀይዋ ላይ ጎንበስ ብለው ይታጠባሉ፤ ከዚያ ዞረው የእግራቸውን ውሃ ለሐምራዊቷ ይሰጣሉ። ልጆቻቸውም ሲረሱ ይቆጧቸው ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባ ቀይዋን ቡቃያ ከሚወጣበት ዓይኗ በላይ በላይ ቆረጥኳት። ትርፌ በስልክ ነግራኛለች፤ ተቆርጣ ካላረፈች በሰዓቱ አትመጣም። እናቴ ይህን ስታይ ራሷን ያዘች። ለሠርግ አበባ አደርሳለሁ ትለኛለህ፣ ያለውንም አንተው ትቆርጠዋለህ ብላ ቀኑን ሙሉ ስታጉረመርም ዋለች። ጌሾው ተወቅጦ የጠላው ጋን እየታጠነ፣ ዘመድ ከጋዝጊብላ በእግሩ ማርና ቅቤ ይዞ እየገባ፣ የእኔ ቀይ ጉቶ ነበረች። ከገና በፊት ጉቶዋ ላይ እንደ ጉንዳን ራስ የቀላ ነገር ብቅ አለ። ለገና እንቡጥ ሆነ። ጥምቀት አለፈ፣ እንቡጡ ሁሉ አረንጓዴ ቡጢ እንደጨበጠ ነው። የሌሊቱ ብርድ ነው ብዬ፣ ቀን ቀን የፀሐይ ሙቀት ወደሚይዘው የድንጋይ ግድግዳ አስጠጋት ጀመር፤ ለሶላት ሰዓት እመልሳታለሁ። ሐዳስ በየማታው «እንዴት ዋለች?» ትለኛለች። «ደህና ናት» እላለሁ። ሁለታችንም ስለ ሠርጉ አናወራም።

የሠርጉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ከቡጢው መሃል ቀይ ምላስ አየሁ።

በማግሥቱ ገና ሳይሞቅ ሐጂ ግቢ ስገባ ቀይዋ ተከፍታለች። አንድ አበባ አይደለም፤ ቅርንጫፎቿ ሁሉ የተማከሩ ይመስል አንድ ላይ። እትዬ ዘሀራ ቀድመውኝ ሐምራዊቶቹን ቆርጠው ጤዛው ሳይረግፍ በነጠላቸው ይዘዋል፤ ቀዮቹን ቆርጬ ጨመርኩላቸው። ቀይዋ ጸንታ ትቆማለች፣ ሐምራዊቷ ትሸታለች፤ እንዲህ ቢዋሃዱ ብዬ ስመኝ የከረምኩት ነገር እጃቸው ላይ ተቀምጧል። እሾሁን ፋቅሁ፤ እሳቸው ከነጠላቸው ጥለት ቀደው አሰሩት። ሐጂ ለሙስሊም እንግዶች የቀረበውን ፍየል ሊያርዱ ወደ እኛ ግቢ ሲመጡ፣ እቅፉን ከፊት ይዘው የገቡት እሳቸው ናቸው። ሐዳስ ተቀበለችና ፊቷን ቀበረችበት። ቀና ስትል አፍንጫዋ ላይ ጤዛ ነበር። እናቴ እልል አለች፣ ቤቱ ተቀበላት።

ፎቶ ቤት ስንደርስ ሞላ አቀማመጧን የሚያስተካክል መስሎ ጠጋ አለ፤ ቅጠሉን በጣቱ ነካ አደረገ፤ ከዚያ ሰው የማያየው መስሎት ጎንበስ ብሎ አሸተተ። እኔ አይቼዋለሁ። ቀና ብሎ ዓይኔን ሲያገኘው «በል ባለቅኔ፣ ከኋላ ቆመህ ብርሃን አትከልክለኝ» አለኝ፤ ድምፁ ግን ሌላ ነበር። ከተለመደው በላይ ደጋግሞ አነሳት።

ዛሬ በሰፈራችን ልጁን የሚድር ሰው ቀኑን ሲቆርጥ ለእኔም ይነግረኛል፤ ወደ ኋላ ቆጥሬ መቀሴን የማነሳበትን ቀን እንዳውቅ። ሐጂ ይማም አርጅተዋል፤ ውሃውን የልጅ ልጃቸው ነው የሚያፈስላቸው።

ባለፈው እሑድ እህቴ ቤት ነበርኩ። ከጽጽቃ የመጣች የባሏ ዘመድ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሠርግ ፎቶ ስታይ ቆይታ «እንዴት የሚያምር ፕላስቲክ ነው፤ የት አገኛችሁት?» አለች። ከወንበሬ ተነሳሁ። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ጉቶዋ፣ ስለዚያ ሁሉ ጥር ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሐዳስ ቀደመችኝና በፈገግታ «አዎ፣ ያምራል» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ተከትያት ገብቼ ለምን ዝም ትያታለሽ አልኳት።

«ፎቶው ለሰው ነው» አለችኝ፣ ዳቦውን እየቆረሰች። «ሽታው የኔ ነው። ለማን ላካፍል?»

ዳቦውን ተቀብያት ወጣሁና ለእንግዳዋ አቀረብኩላት። ስለ አበባው ምንም አልነገርኳትም፤ እንደ አሸናፊ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ በላሁ።