የፓስታ ፎቅ

ልጄን ላስመዘግብ ዊንጌት አካባቢ ወዳለ ትምህርት ቤት ሄጄ ምዝገባው ተዘግቷል አሉኝ። ዳይሬክተሯን ልለምን ነጠላዬን አጣፍቼ አዳራሽ ገባሁ።

ለካ መምህራኑ ምህንድስናን በተግባር ማስተማር እየሰለጠኑ ነው። በየጠረጴዛው በጥሬ ፓስታ ፎቅ ሠርተው፣ ሙጫው እስኪደርቅ በእጃቸው ደግፈውታል። የሚዳኛቸውን እንግዳ ሲጠብቁ ኖሮ፣ እኔን ሲያዩ "ኖር" ብለው ብድግ አሉ። ፎቁ ሁሉ ተንኮታኮተ።

"በእግዜር፣ ተቀመጡ... እ... እኔ እንኳ ሴት ልጄን ላስመዘግብ ነው" አልኩ።

ዳይሬክተሯ ፓስታቸውን ከወለል እየለቀሙ "ተዘግቷል አልተባልሽም?" አሉኝ።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንድ አዛውንት መምህር ብቻ ከነፎቃቸው እንደተቀመጡ ነበር።

"ልጅቷን እኔ ክፍል መዝግቡልኝ" አሉ። "አንደኛ ያስወጣችኝ እናቷ ናት።"