ራይሊ የመረጠችው ወፍራም መስቀል

ራይሊ ካርፒነን ሠላሳ አራት መኸር ስታድን ስለ ዓይኗ አንድም ቀን አስባ አታውቅም ነበር። ካይኑ በሚባል የሰሜን አገር የጥድ ጫካ ውስጥ ባለች ትንሽ መንደር የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት፤ የመንደሩ ሰው ግማሹ በእሷ ሾርባ ነው ያደገው። ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ረግረጉ ዳር የአደን መቆሚያዋን ይዛ ሳለ፣ ፈረስ የሚያህል፣ ቀንዱ እንደ አካፋ የተዘረጋ አጋዘን ከጥዶቹ መሀል ብቅ አለ። ካፊያ ይወርዳል፤ ሰማዩ ደብዝዟል። ራይሊ ጠመንጃዋን ደገነች። ጠመንጃዋ ላይ በተገጠመው የማነጣጠሪያ መነጽር ውስጥ አጋዘኑም ጥዱም ይታያሉ፤ የምታነጣጥርበት እንደ ጸጉር የቀጠነ መስቀል ግን የለም። ጥቁሩን ጥቁር ውጦታል። ዓይኗን ጨፍና ገለጠች፤ አሁንም የለም። አፈሙዙን ዝቅ አደረገች። አጋዘኑም ቅጠሉን እያኘከ በራሱ ጊዜ ሄደ።

«ምነው፣ ደህና ዋል ብለሽ ሸኘሽው እንዴ?» አላት የአደን ቡድኑ መሪ ታይስቶ። ታይስቶ የታናሽ እህቷ ባል ነው፤ ከሰርጉ ቀን ጀምሮ ሲተራረቡ ኖረዋል።

«አንተን ስላልመሰለ አሳዘነኝ» አለችው።

ሁሉም ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። የበረዶውን ወራት ሙሉ ግን ነገሩ ከሆዷ አልወጣም። በሰኔ የጠመንጃዋን መነጽር ለመቀየር ቆረጠች። ታይስቶ ማንም ሳይጠራው መኪናውን አስነስቶ ደጇ ላይ ቆመ፤ ተያይዘው ካያኒ ከተማ፣ ኢልፖ የሚባል ቃል ቆጣቢ ሰውዬ የአደን ዕቃ ሱቅ ገቡ።

ኢልፖ ሦስት መነጽር ደረደረላት። የመጀመሪያው ውስጥ ያለው ያው እንደ ድሮዋ ቀጭን መስቀል ነው። ሁለተኛው መስቀሉ ላይ ወደ ታችም ወደ ጎንም እንደ መሰላል የተደረደሩ ጭረቶች አሉት።

«በቃ፣ ይሄው ነው!» አለ ታይስቶ። «የኔም እሱ ነው። ለየርቀቱ የራሱ ጭረት አለው።»

ራይሊ አየችበት። «ታይስቶ፣ ይሄ እኮ የአውቶቡስ ሰዓት ሰሌዳ ነው። አንብቤ እስክጨርስ አጋዘኑ ቆሞ ይጠብቀኛል?»

«ከስንት ሜትር ነው የምትተኩሺው?» ጠየቃት ኢልፖ።

«ቢበዛ ከመቶ።»

«እንግዲያው መሰላሉ ምን ያደርግልሻል?»

ታይስቶ የራሱን ልጅ የነኩበት ይመስል ፊቱን አዞረ። ሦስተኛው መነጽር ውስጥ ከግራ፣ ከቀኝና ከታች የሚመጡ ሦስት ወፋፍራም ዘንጎች አሉ፤ መሀል ላይ ሊገናኙ ሲሉ ይቀጥናሉ። መገናኛቸው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀይ ነጥብ ትበራለች።

«ይሄማ የአጥር ምሰሶ ነው!» አለ ታይስቶ። «ዒላማውን በሙሉ ይሸፍንብሻል።»

«መብራት ባለበት ቤት ሁሉም ያምራል» አለች ራይሊ። «ኢልፖ፣ ውጭ አውጣን።»

ከሱቁ ጀርባ ዝናብ ይዘንባል። ጥዶቹ ሥር ግንድ ተከምሯል፤ በግንዶቹ መሀል ያለው ክፍተት እንደ ከሰል ጠቁሯል። መነጽሮቹን በየተራ ወደዚያ ክፍተት አዞረች። ቀጭኑ መስቀል ጠፋ። መሰላሉ የሸረሪት ድር መሰለ። ሦስቱ ወፋፍራም ዘንጎች ግን ቀጥ ብለው ቆመው ዓይኗን እየመሩ መሀል አደረሱት። ቀይዋ ነጥብ ያረፈችበት ቦታ ላይ ሁለት ጆሮዎች ተንቀሳቀሱ።

«ጥንቸል! እዚያ ውስጥ ጥንቸል አለ!»

«የት?» አለ ታይስቶ መሰላሉን ዓይኑ ላይ ለጥፎ። «የቱ ጋ? ግንድ ነው እኮ!»

«ይሄን ጠቅልልልኝ» አለችው ኢልፖን።

ደስታዋ ግን አንድ ወር አልሞላም። በመንደሩ መተኮሻ ሜዳ መቶ ሜትር ርቆ በሐዲድ ላይ የሚሮጥ የአጋዘን ሥዕል አለ፤ ከአንዱ ግርዶሽ ወጥቶ ሌላኛው ውስጥ እስኪገባ አምስት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ራይሊ ቀይዋን ነጥብ ደረቱ ላይ አድርጋ ትተኩሳለች፤ ጥይቱ ሆዱን ይመታል።

«ምሰሶሽ የበላውን ምሳ ነው የሚፈልገው!» አለ ታይስቶ ከኋላዋ።

ጥይቱ እስኪደርስ አጋዘኑ እንደሚያልፍ ታውቃለች፤ ቀድማ ማነጣጠር አለባት። በስንት ትቅደም? በድሮው መስቀል እጇ ለምዶት ነበር፤ አዲሱ ላይ ግን ልኩ ጠፋባት። ሦስት ቀን ብቻዋን ተመላለሰች። በሦስተኛው ቀን ሥዕሉ ወደ ግራ ሲሮጥ የቀኙ ወፍራም ዘንግ ጫፍ ደረቱ ላይ ሲያርፍ አየች፤ ነጥቧም ከአፍንጫው አልፋ ባዶ አየር ላይ ነበረች። «እስቲ» ብላ ለቀቀችው። መሀል ደረቱን! ወደ ቀኝ ሲመለስ የግራውን ዘንግ ጫፍ ደረቱ ላይ አሳረፈች። አሁንም መሀል! ልኩ ለካ እዚያው መነጽሩ ውስጥ ኖሯል። ሜዳው ላይ ማንም ስላልነበረ እንደ ልጅ እየዘለለች ጮኸች፤ ከረግረጉ ሁለት ወፎች ደንግጠው በረሩ።

በነሐሴ የመንደሩ ውድድር ደረሰ። ለእያንዳንዱ ሰው አሥር ጥይት፣ ነጥቡ ከመቶ። ታይስቶ ጥሩ ጀመረ፤ ከዚያ የሚሮጠው አጋዘን ከጭረት ጭረት ሲዘልበት ሁለቱን ጥይት ሐዲዱ ሥር ቀበራቸው። ሰባ አራት አገኘ። ራይሊ ዘጠና አንድ። ስሟ ሲጠራ፣ ሾርባዋን ጠጥተው ያደጉት ትልልቅ ሰዎች ጠረጴዛውን እየደበደቡ ጮኹላት፤ ክንድ የሚያህል በጭስ የበሰለ ሳልሞን ዓሣም ሸለሟት።

ታይስቶ ቀስ ብሎ አጠገቧ መጣ። «እስቲ ያንን ምሰሶሽን አሳዪኝ።»

ለረጅም ጊዜ አየበት።

«ምን ታየህ?»

«ምንም የሚነበብ ነገር የለውም» አለ ታይስቶ፤ ጢሙ ሥር ፈገግታው አመለጠው። «ሰላም ያለበት አገር ይመስላል።»

የአደኑ ወቅት በተከፈተ በሁለተኛው ቅዳሜ ጭጋጉ ምድር ድረስ ወርዶ ነበር። ከራይሊ መቆሚያ አንድ ጥይት ብቻ ተሰማ። ከዚያ አዳኞቹ የሚገናኙበት የእጅ ሬዲዮ ተንሿሿ፦ «ወድቋል። እጅጌያችሁን ጠቅልላችሁ ኑ።»

«የመጎተቻውን ገመድ ይዤ እየሮጥኩ ነው!» አለ ታይስቶ፤ ከየመቆሚያው የሰው ሁሉ ሳቅ በሬዲዮው ተከተለው።