በሰም የተጣበቀው የቡሽ ማቶት

ሰሞኑን እዚህ ሞጣ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ ጎረቤቴ፣ ለእሳት ማቀጣጠያ ይሆንሻል ብላ አንድ ፌስታል ሙሉ የወይን ጠጅ ቡሽ ሰጠችኝ። ማንደዱ አሳዝኖኝ፣ በወስፌ እየበሳሁ በሲባጎ እያሰርኩ፣ ለድስት ማስቀመጫ የሚሆን ማቶት ልሠራበት ተቀመጥኩ። ጣቴ እንደ ድሮው አይታዘዝም፣ ዓይኔም አንዱን ቀዳዳ ሁለት አድርጎ ያሳየኛል። ከተበሳው ቡሽ የሚወጣው የኮመጠጠ ሽታ ግን ድካሜን ሳይጠይቅ ቢቸና፣ እናቴ ቤት፣ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አደረሰኝ።

አያቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ እናቴና ሞጣ የተዳሩት ታላቅ እህቷ እትዬ ወርቄ፣ ከጉባኤው ባይቀመጡም ከማድ ቤት ሆነው ተማሪው ቅኔ ሲዘርፍ እየሰሙ ያደጉ ናቸው፤ ስለዚህ በቤታችን ጨው አቀብዪኝ እንኳ በሰምና ወርቅ ነበር የሚባለው። አያቴ ሲያርፉ ግን እናቴ መርዶውን በደህና ሰው አልላከችም። ለአንድ የጉንደ ወይን ነጋዴ ነገረችው፤ ነጋዴውን መንገድ ላይ ገበያ ያዘውና እትዬ ወርቄ የሰሙት አባታቸው በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ነው። እህታቸው ቤት ዳግመኛ እህል ላይቀምሱ ማሉ። ለሙት ዓመቱ ሲመጡም ለአባታቸው ብለው እንጂ ለእናቴ ብለው እንዳልሆነ፣ በማግስቱም በጠዋቱ አውቶቡስ እንደሚመለሱ አስቀድመው አስነገሩ። እናቴ ሳምንቱን ሙሉ አንዲት ጉርሻ ብቻ ይቅመሱልኝ እያለች ስትብሰለሰል ከረመች።

ጠረጴዛው ላይ ያነጠፈችው እትዬ ወርቄ ራሳቸው በደጉ ጊዜ የጠለፉላትን ልብስ ነበር። ጥላሸት እንዳይነካው ማቶት ፈልጊ ብትለኝ፣ እኔ ብልጧ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ሆቴል ጓሮ የለቀምኳቸውን ቡሾች አቁሜ ደረደርኩና አያቴ ከተዉት የጧፍ ቁርጥራጭ ሰሙን አቅልጬ አንዱን ካንዱ አጣበቅኋቸው። የማር አገር ልጅ ነኛ፤ ሰም የማያጣብቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። የጋለ ድስት መልሶ እንደሚያቀልጠው ማን ይንገረኝ?

ዘመድ ተመግቦ ከሄደ በኋላ ሦስታችን ቀረን። እትዬ ወርቄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀምጠዋል። እናቴ የዶሮውን ወጥ ከነድስቱ ከእሳት አውጥታ ማቶቱ ላይ አሳረፈችና ለመነቻቸው፤ እጃቸውን አልዘረጉም። ደግማ ለመነች፤ እምቢ። ተስፋ ቆርጣ ድስቱን ብታነሳው ማቶቱም ልብሱም ተከትለው ተነሡ፤ ቡሾቹ መሬት ላይ ጠብ ጠብ አሉ፣ ሰሙም በአበባው ጥልፍ ላይ ተዘረገፈ። እኔ ከበሩ ኋላ ገባሁ።

እናቴ ልብሱን አየችና በደከመ ድምፅ፣ "ይኸው፣ ሰሙም ቀለጠ" አለች።

እትዬ ወርቄ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "ወርቁስ?" አሉ። የአባታቸው ቤት ልማድ ነው፤ ሳያስቡት አመለጣቸው።

"ወርቁማ ዓመት ሙሉ አኩርፎ ሞጣ ተቀምጧል።"

ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቅ ነው። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ እናቴም እግራቸው ላይ ወደቀች፣ ውኃ ቀረበና እጃቸውን ታጠቡ። ሰሙን በካውያና በወረቀት አስለቅቃለሁ ሲሉ የጠዋቱ አውቶቡስ አመለጣቸው፤ ሳምንት ሙሉ ከረሙ።

እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ። የቢቸናው ቤት ተሸጧል፣ የሰምና ወርቅ ንግግሩም ከቤቱ ጋር ሄዷል፤ ልጆቼ ነገሩን ካልፈታሁላቸው አይስቁም፣ ከፈታሁት በኋላ ደግሞ አያስቅም። እትዬ ወርቄን አሁን የማጥባቸውም የማጎርሳቸውም እኔ ነኝ። ዕርቁን ረስተውታል፤ ጠቡን ግን አልረሱትም። በየቀኑ እህቴ ታርቃኛለች ወይ ይሉኛል፣ እኔም በየቀኑ ከመርዶው ጀምሬ እተርካለሁ። ትናንት ግን ወገቤ ተቆርጦ ስለነበር፣ አዎ ታርቀዋል ብዬ ብቻ አለፍኩ።

እጄን ያዝ አደረጉና፣ "እህሏን ቀምሼላታለሁ?" አሉ።

"ቀምሰዋል እትዬ፤ አስጨምረው ነው የበሉት።"

ለዚህ ምስክር የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።