የግራው ስፒከር

ጥሩምባ ዕድሜውን የጨረሰው የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ነው። ከፍሬን ይልቅ በክላክስ የሚያምን ሾፌር ስለነበር ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ስሙ ተከትሎት ሰፈር ገባ፣ ከሰፈር ቤት ገባ፣ በመጨረሻ ሚስቱም ስትናደድ ትጠራበት ጀመር። እሱ ግን እንደ ሹመት ነበር የያዘው። ድምፅ በሚባል ነገር ከእሱ በላይ አዋቂ እንደሌለ፣ ሞተር ሲያስነጥስ ሕመሙ የት እንደሆነ በጆሮው ብቻ እንደሚለይ፣ ኋላ ወንበር ላይ ሆኖ የሚያማውን ተሳፋሪ እንኳ ሳይዞር እንደሚያውቀው ለወደደም ላልወደደም ያወራል።

ጡረታ ሲወጣ ይህ ሁሉ እውቀት ሥራ ፈታ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሳሎኑ ጥግ፣ መስኮቱ ሥር፣ የስፌት መኪናዋን ስታንቀጫቅጭ ትውላለች። እናቷም አብረዋቸው ይኖራሉ። ጥሩምባ አማቱን ያከብራቸዋል፤ ጆሯቸው እንደደከመ ግን ካመነ ቆይቷል። ሲያናግራቸው መልስ አይሰማም። ስለዚህ ምሳ ቀርቧል ለማለት እንኳ ወንዝ ማዶ እንዳለ ሰው ይጣራባቸዋል። አሮጊቷም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ገበታው ይቀርባሉ።

ነገሩን የቀሰቀሰው የሚስቱ ወንድም ነው። የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ አዲስ ዕቃ ሲገዛ ዘመድ ጠርቶ ካላሳየ ዕቃው ቤቱ የገባ አይመስለውም። አንድ እሑድ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን ገዝቶ ሁሉንም ጠራቸው። ጥሩምባ ሲያይ ዋለ። ቤት ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ነው፣ ወንድሟ ምስል እንጂ ድምፅ እንዳልገዛ፣ ደህና ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን ደግሞ ከተሰቀለ ፎቶ እንደማይለይ ለሚስቱ ያስረዳት። ቅናት እንዳልሆነም ሳትጠይቀው ነገራት።

ብዙም ሳይቆይ ካርቶን ተሸክሞ መጣ፤ በር ላይ የቆመው ታክሲም ሌሎች ካርቶኖች አራገፈ። ሪሲቨር ነው አለ። ሚስቱ፣ ሪሲቨርማ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ዲሹም ጣራው ላይ ካሉበት አልጠፉም ብላ አስታወሰችው። ይሄ የዲሽ አይደለም፤ ይሄ ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ተቀብሎ፣ አጉልቶ፣ ለየስፒከሩ ድርሻ ድርሻውን የሚያድል፣ ሳሎንን ሲኒማ ቤት የሚያደርግ ነው አላት። ወሬው በዚያው ቀን ለወንድሟ ደረሰ፤ ደወለ።

«ስንት ቻናል ይይዛል ጋሼ?»

«አምስት» አለ ጥሩምባ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«የእኔ ሁለት ሺህ ይይዛል» አለ የመድኑ ሰው፣ ሐዘንተኛ እንደሚያጽናና ሰው ድምፁን አለስልሶ። ጥሩምባ የጣቢያ ቻናል ሌላ፣ ድምፅ የሚሄድበት ቻናል ሌላ መሆኑን ለማስረዳት ደከመ። ሰውየው ግን «አይዞህ፣ ገንዘብህን ይመልሱልሃል» ብሎ ዘጋው።

ተከላው ቤቱን አፈረሰው ማለት ይቀላል። መመሪያ የሚባል ነገር አንብቦ የማያውቀው ሰው መነጽሩን ሰክቶ እንደ ዳዊት ይደግመው ጀመር። ቀዩን ሽቦ ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር እያገናኘ፣ ምንጣፍ እየገለበጠ ገመድ ቀበረ። ሁለቱን ስፒከሮች ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ፣ አንዱን መሀል፣ ሁለቱን ከሶፋው ኋላ አቆመ። ከኋለኞቹ አንዱ መቆም ያለበት የስፌት መኪናው ካለበት ቦታ ላይ ሆኖ ተገኘ። ሚስቱ ከነመኪናዋ፣ ከነጨርቋ ኮሪደር ተሰደደች። ከዚያ ድምፅ ሁሉ የሚገናኝበት አንድ ነጥብ እንዳለ መመሪያው ነገረውና ነጥቡን በሜትር ፈልጎ የራሱን ወንበር ተከለበት። የተቀረው ቤተሰብ ከነጥቡ ውጭ ቀረ።

መለካትም ነበረበት። ከሪሲቨሩ ጋር የመጣች ትንሽ ማይክ አለች፤ የአድማጩ ጆሮ በሚሆንበት ቦታ ስትቀመጥ ማሽኑ ከየስፒከሩ ድምፅ እየለቀቀ ቤቱን ይለካል። ጥሩምባ ወንበሩ ላይ ትራስ በትራስ ደርድሮ ማይኳን አነገሣትና ጸጥታ አወጀ። ማሽኑ ሽው ማለት ሲጀምር የሚስቱ መቀስ ወደቀ፤ «ስህተት» ብሎ ቆመ። እንደገና ሲጀመር አማቱ ሳሉ። በሦስተኛው ጥሩምባ ራሱ አስነጠሰው፤ ጥፋቱን ግን ለጎረቤት ውሻ ሰጠው። በመጨረሻ ቤተሰቡ ትንፋሹን ውጦ ማሽኑ ለክቶ ጨረሰ፣ ሁሉም ስፒከር እኩል ነው ብሎም ስክሪኑ ላይ ጻፈ።

ጥሩምባ ነጥቡ ላይ ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ። ግራው ደከመበት።

የግራውን ስፒከር ነቅሎ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዞረ፤ አሁንም ግራው ደከመ። ገመዱን ቀየረ፤ ያው። ከዚያ ጥርጣሬው ወደ ግድግዳው ዞረ። በመስኮቱ በኩል ያለው ግድግዳ ድምፅ ይበላል ብሎ መጋረጃውን አወረደ፣ መጋረጃው ሲወርድ መስታወቱን ጠረጠረ። የገዛበት ሱቅ ወስዶ አስፈተሸው፤ ጤነኛ ነው ብለው መለሱት። ሰዎቹ ሻጭ እንጂ ሰሚ አይደሉም ሲል አዘነላቸው። መላ ሲጠፋ በሪሞቱ የግራውን ድምፅ ከፍ አደረገው፣ በማግስቱ ደግሞ ጨመረበት፣ ሪሲቨሩ ከዚህ በላይ የለም እስኪለው ድረስ።

አማቱ ከመጀመሪያውም ማሽኑን አልወደዱትም ነበር። ከኋላ የሚያወራ ነገር ሐሜተኛ ነው፤ ሐሜተኛ ደግሞ ከነገመዱ ቤት አይገባም ይላሉ። ይህን ለልጃቸው ኮሪደር ላይ በሹክሹክታ ነው የሚነግሯት። እሷም በሹክሹክታ ትመልሳለች፤ እሳቸውም አንድ ቃል አይስቱም።

እሑድ ደረሰና ጥሩምባ በተራው ዘመድ ጠራ። የመድኑ ሰው ከሚስቱ ጋር መጣና በመስኮቱ በኩል፣ በግራው ስፒከር ፊት፣ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ጥሩምባ ስለ አምስቱ ቻናል ረዘም ያለ ንግግር ካደረገ በኋላ ማዕበል የሚመታት መርከብ ያለበትን ፊልም ከፈተ። የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲወርድ የመድኑ ሰው ሚስት ከነመጠጧ ተነሥታ በሩ ጋ ቆመች። ሰውየው ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ታገሠ፣ ታገሠ፣ ከዚያ ሪሞቱን ከጥሩምባ እጅ ሊነጥቅ ተንጠራራ። ግራው አደነቆረን አለ። ጥሩምባ ደግሞ እንዲያውም ያልተሰማው ግራው ነው፣ ይሄ እኮ ቴሌቪዥን ሰቅሎ ከማውራት የተለየ ነገር ነው፣ የሠለጠነ ጆሮ ይፈልጋል ብሎ መለሰ። አንዱ ይጨምራል፣ አንዱ ይቀንሳል፤ መርከቧ መሀላቸው ስትሰምጥ ያየ የለም።

ያን ጊዜ አማቱ ከጥጋቸው ተነሡ፣ ሄደው ማሽኑን አጠፉት።

«ልጄ፣ ወንበርህን አዙረህ ጀርባህን ለቴሌቪዥኑ ስጥ» አሉት።

«ለምን እማማ?» አለ ጥሩምባ፣ እንደ ልማዱ እየጮኸ።

«አትጩህ፤ እሰማለሁ። አዙረው።»

እንግዳ ፊት ከአማት ጋር መሟገት ነውር ስለሆነ አዞረው። ኮረብታ ላይ መኪና እንደሚያዞር ሰው ወደፊትም ወደ ኋላም ብሎ፣ ፊቱን ወደ ጓዳ ሰጥቶ ተቀመጠ። ሚስቱ ሁሉንም ስፒከር ማሽኑ በለካው መጠን መለሰችና ፊልሙን ከፈተች። ጥሩምባ አዳመጠ። የመስኮቱ ስፒከር፣ ያ ድካም የማይለየው፣ አሁን በቀኙ ሆኖ እንደ ልቡ ይጮኻል። የደከመው አሁን በግራው የሆነው የበሩ በኩል ነው፤ እስከ ዛሬ እንከን ያልወጣለት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሌላ ነገር ነው፤ ያን ቀን ግን ለጥሩምባ ተብሎ የተተረተ መሰለ። የሳቀበት የለም። ጥሩምባ በግራ ጆሮው በኩል ያሳለፈውን ያን ሁሉ ዘመን አሰበ፦ የተከፈተውን የሾፌር መስኮት፣ ጆሮው ሥር የሚያገሱትን የጭነት መኪናዎች፣ ያን የራሱን ክላክስ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሚስቱ በቀኙ መጥታ ተቀመጠች። መንገድ ሲሄዱም፣ አልጋ ላይም፣ ሁልጊዜ በቀኙ እንደምትሆን ያኔ ነው ያስተዋለው።

«ታውቂ ነበር?» አላት።

«ዓመታት አለፉት።»

«ታዲያ እንዴት አትነግሪኝም?»

«ነግሬህ ነበር» አለች፤ «በግራህ ቆሜ ነበር መሰለኝ።»

ጆሮ ሐኪሙ ዘንድ ለመሄድ ብዙ ሰበብ ደረደረ፤ ሚስቱ ግን ከነሰበቡ ይዛው ሄደች። ሐኪሙ ነርቩ እንደተጎዳ፣ እንደማይመለስ፣ በማዳመጫ መሣሪያ ግን እንደሚረዳ ነገረው። ጥሩምባ እንደ አዛውንት ጆሮው ላይ ነገር አንጠልጥሎ ሰፈር አልገባም ብሎ ነበር። መሣሪያው ከስልክ ጋር እንደሚገናኝና ድምፁ እንደሚስተካከል ሲሰማ ግን ልቡ ከዳው። በሳምንቱ የመድኑ ሰው ጋ ደውሎ አዲስ ዕቃ እንደገዛ ነገረው። ስንት ቻናል ይይዛል ተብሎ ሲጠየቅ «አንድ፤ እሱም እኔ ነኝ» አለ።

ሪሲቨሩ ራሱ በለካው መጠን ቀረ፤ ሳሎኑም ጸጥ አለ። ጥሩምባ ያን የመርከብ ፊልም በሁለት ጆሮው ደግሞ ቢያየው ሰዎቹ የሚናገሩት ሁሉ ተሰማውና አሰልቺ ሆኖ አገኘው። ከማሽኑ ይልቅ ቤቱ ራሱ ያወራ ጀመር። አማቱ የተናገሩትን፣ ሚስቱ ያጉረመረመችውን፣ እናትና ልጅ ስለ እሱ የሚሉትን ሁሉ ከነጥቡ ሳይነሣ ይሰማል፤ ይባስ ብሎም ያርማል። እኔ እንዲህ አላልኩም፣ እሑድ ሳይሆን ቅዳሜ ነው፣ ያ ሰው የአጎቷ ልጅ አይደለም እያለ በማይመለከተው ጣልቃ ይገባል።

አሮጊቷ አንድ ከሰዓት በኋላ ከልጃቸው ጋር ጨዋታ ጀምረው ገና ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ታረሙ። ጥሩምባን አየት አድርገው ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ።

«ተነሽ ልጄ» አሉ፤ «ግቢ እንውጣ፤ ይሄ ቤት ጆሮ በዛበት።»