የበረኛው ኮከብ

ግራ ቅንድቤ ላይ ያለው ጠባሳ የሮቤ ድንጋይ ያወጣው ነው። የፊት ጥርሴን ያወለቀው ግን የገዛ ከተማዬ የጎባ ሰው ክርን ነው። ሁለቱም የደረሱብኝ በአንድ እሑድ፣ በአንድ ዋንጫ ሰበብ ነው። ጎባና ሮቤ በታክሲ ወሬ ሳያልቅ የሚደረስባቸው ጎረቤት ከተሞች ናቸው። በሌላ ጊዜ ይጋባሉ፣ ይዋለዳሉ፣ በሐዘን ይደራረሳሉ። የዞኑ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ከተገናኙ ግን አማች አማቹን በዱላ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ሙሽራ የወሰደ ሚዜ በወሰዳት ሙሽራ ወንድም ጭንቅላቱን ሲፈነከት በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ዕድሜዬን በሙሉ ጎማ ስለጥፍ ኖሬአለሁ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ማንበብ የተማርኩት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። ሒሳብን ማንም ሳያሳየኝ ለብቻዬ ደረስኩበት። ኮከብ መቁጠርን ደግሞ ከአሮጌ ጎማ በርባሶ እየሠራሁ ከማጫማቸው አንድ ሽማግሌ ደብተራ ተማርኩ። እሳቸው ለትዳርና ለመንገድ ይቆጥሩ ነበር። ለዋንጫ የቆጠርኩት ግን እኔ ነኝ፤ ከእኔ በፊት በባሌ ምድር ይህን ያሰበ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ቆጠራው እንዲህ ነው። የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም ፊደሎች በግእዝ ቁጥራቸው ደምረህ በአሥራ ሁለት ትገድፋለህ። የቀረው ቁጥር ኮከቡን ይነግርሃል፤ ኮከቡም ወይ እሳት፣ ወይ መሬት፣ ወይ ነፋስ፣ ወይ ውኃ ነው። የዋንጫውን ነገር የሚያወሩ ሰዎች አምበሉን ወይም አጥቂውን ሲመረምሩ እኔ በረኛውን መረመርኩ። ለብዙ ዓመታት ማን እንደወሰደ፣ ማን በር ላይ እንደቆመ፣ እናቱ ማን እንደምትባል በጭንቅላቴ ይዣለሁ። ፍጻሜው የሚደረገው በበልግ ዝናብ ነው። መሬት የሆነ በረኛ ዝናቡን ጠጥቶ ይቆማል። እሳት የሆነ በረኛ ይጠፋል። ከዚህ የወጣ ዓመት አላገኘሁም።

አንድ የዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ መምህር ጎማው ተንፍሶ መጥቶ ይህንን ስነግረው ፈገግ አለ።

«አባባ፣ ዋንጫው ጥቂት ነው። ሳንቲም ቢወረውሩም እንዲህ ሊገጣጠምልዎት ይችላል።»

«እኔ ለጥፌ እስክጨርስ አንተ ወርውር» አልኩት። አልወረወረም።

ጠባሳው በወጣብኝ ዓመት የጎባ በረኛ ወፍጮ ቤት ስንዴ የሚሸከም የሰፈሬ ጎረምሳ ነበር። እናቱ ከሪራ ጫካ ማር እያመጣች የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት። ቆጠርኩት፤ አሰድ ወጣ። እሳት! ፍጻሜው ሊደርስ ሲል ደጋፊዎች ሱቄ ተሰብስበው ሲያወሩ ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«ይህ ልጅ ከቆመ ዋንጫው ሮቤ ይቀራል። ተጠባባቂውን አስገቡ።»

የደጋፊዎቹ አለቃ ባለ ሉካንዳ ነው፤ አንገቱ እንደ ሰንጋ የወፈረ። ተቆጣ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ለመሆኑ የማን ደጋፊ ነዎት?»

«የእውነት።»

«እውነት ስንት ጎል አግብታ ታውቃለች?»

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። በረኛው ራሱ ከኋላ ቆሞ ይሰማ ነበርና «ጋሼ፣ ኮከቤን ይተዉትና እጄን ይቁጠሩ። ሁለት ነው፣ ይበቃኛል» አለ። አሰልጣኙም አልቀየረውም።

እሑድ ሮቤ ሄድን። ከሳነቴ ተራራ በኩል የወረደው ጭጋግ ሜዳውን ሸፍኖታል፤ ዝናቡም አላባራም። ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ድንጋይ ይወረወር ጀመር። አንዱ ቅንድቤን ፈለጠው፤ በጋቢዬ ጫፍ ይዤው ማየቴን ቀጠልኩ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከሩቅ የተመታች፣ ሕፃን የሚይዛት ኳስ መጣች። በረኛው በሁለት እጁ ተቀበላት፤ እንደ ሳሙና ሾለከችና ገባች። አንድ ለዜሮ። ደስ አለኝ ብል ይታዘቡኛል፤ ግን ልክ መሆኔን ማወቄን መካድ አልችልም።

በታክሲ ቀድሜ ጎባ ገባሁ። ሱቄ ሆኜ ቅንድቤን ሳጥብ ደጋፊዎቹን የጫነው መኪና ደረሰ። በረኛውን ከሮቤ ጀምረው መኪናው ላይ ሲደበድቡት ነው የመጡት። መኪናው ሲቆም ዘሎ ወርዶ ወደ ቀረበው በር ሮጠ፤ የቀረበው የእኔ ነበር። ፊቱ በደም ተለውሶ ዓይኑ አይታይም፤ ቀኝ ክንዱ ከክርኑ በታች ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። ከከባድ መኪና ቸርኬ ጀርባ ገብቶ ተቀመጠ። አላለቀሰም፤ ጥርሱ ብቻ ይንቀጫቀጭ ነበር።

የጎማ መፈልቀቂያ ብረቴን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ያውጡልን!» አለ ባለ ሉካንዳው። «እርስዎ ኮከቡ እንደማይሆን ነገሩት። እያወቀ ቆመ። ሸጦናል!»

«ከዚህ አታልፍም።»

«ያ ጃርሳ! ዞር በል!» አለ ሌላው፤ በኦሮምኛ ሽማግሌ ማለቱ ነው፤ አክብሮት ግን አልነበረበትም።

ባለ ሉካንዳው እጁን ሲሰድ ብረቱን አንጓው ላይ አሳረፍኩበት። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁ። በዚህ ዕድሜዬ! ግን ሌላው በክርኑ አፌን አለኝና ጥርሴን ከደም ጋር ተፋሁት። አንዱ ድንጋይ ወደ ውስጥ ወርውሮ የበረኛውን ትከሻ መታው። ሦስት ሰዎች አንገቴንና ክንዴን ይዘው ሊያነሡኝ ሲሉ ከኋላ የሴት ጩኸት ተሰማ፤ «ዲሲ! ዲሲ! ተዉ!»

የበረኛው እናት ናት። ሲንቄዋን ይዛለች። ሲንቄ የባሌ ኦሮሞ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። እሷ ሲንቄ ይዛ መሃል ከገባች ወንድ፣ ክርስቲያንም ይሁን እስላም፣ እጁን ይሰበስባል። በትሩን በእኔና በእነሱ መካከል አጋደመችው። እጆቹ ከአንገቴ ወረዱ። ግን ማንም አልሄደም። ሲንቄ ዱላን ያቆማል፤ ቂምን አይነቅልም። እሷ ወደ ቤቷ ስትገባ፣ ልጇ ነገ ከቤት ሲወጣ እንደሚገድሉት ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ልጄን በየትኛው ስሜ ነው የቆጠሩት?»

«በምትጠሪበት ነዋ፤ በክርስትና ስምሽ።»

«እሱ ስዳር ቄሱ ያወጡልኝ ነው። እናቴ ያወጣችልኝ ሌላ ነው።» የኦሮምኛ ስሟን ጮክ ብላ ተናገረች።

የእኛ ሰፈር ሰው አባቶቹ ከሰሜን የመጡ ናቸው። ያገባናትን ሴት በሰጠናት ስም ጠርተን እንቀብራታለን፤ የቀድሞ ስሟን የሚጠይቅ የለም። እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር።

«ይቁጠሩት!» አሉ ከሕዝቡ። «አሁን፣ በፊታችን!»

ደሜን እየዋጥኩ በአእምሮዬ ቆጠርኩ። ደመርኩ፣ ገደፍኩ። አሰድ። ደግሜ ገደፍኩ። አሰድ! ሁለት የተለያዩ ስሞች፣ አንድ ኮከብ። በሕይወቴ ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ አግኝቼ አላውቅም፤ ያ የዩኒቨርሲቲ መምህር ቆሞ ቢያይልኝ ብዬ ተመኘሁ። ከቸርኬው ጀርባ የዚያ ልጅ ትንፋሽ ይሰማኛል።

«ሰንቡላ» አልኩ። «መሬት ነው፤ የዋንጫ ኮከብ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ባለ ሉካንዳው የተሰበረ እጁን አቅፎ አፈጠጠብኝ። «ታዲያ ለምን ተሸነፍን?»

«አጥቂዎቻችሁ አንድም ጎል አላገቡማ።»

 ከዚያ ያ «ያ ጃርሳ» ያለኝ ሰውዬ፣ «ይህን ለማወቅ ነው ሰማይ ድረስ የወጡት?» አለ። አንዱ ሳቀ። ሌላው ተከተለ። እነዚያ ደም የጠማቸው ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው፣ በእኔ እየሳቁ፣ ድንጋያቸውን ጥለው በየፊናቸው ተበተኑ። ክርኑ አልጎዳኝም፤ ሳቁ ግን ጎዳኝ። ይህን የምጽፈው ልክ እንደነበርኩ እንዲታወቅ ነው፤ ለዚያ ልጅ ሲሉ ግን ለጎባ ሰው አይንገሩብኝ።

ክንዱ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ዳነ። ኮከቡ የዋንጫ ነው ተብሎ ደግሞ ማንም ከበሩ አልነቀለውም። ዘንድሮም በልግ ገብቷል፤ ጎባና ሮቤ ለፍጻሜ ደርሰዋል፤ የሚቆመው እሱ ነው። ትናንት በሱቄ በኩል ሲያልፍ «ጋሼ፣ መሬት ነኝ አይደል?» አለኝ። «መሬት ነህ» አልኩት። በፍጻሜው ቀን ጎባ ሱቁን ሁሉ ይዘጋል። እኔ አልዘጋም፤ የሚሮጥ ሰው የቀረበ በር ያስፈልገዋል።